ቅድመ አያትሽ ስንት ስም ነበረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የእናቴ አያት ከጎጃም መጥቶ፣ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አንዱ ነበር ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። «ባሻ» ይሉታል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በፈረስ ስሙ ያነሡታል። ዐድዋም ዘምቷል ይባላል። ከዚህ ውጪ የምናውቀው የለም። ከየትኛው መንደር እንደመጣ፣ እናቱ ማን እንደሆነች፣ ወንድም እህት ይኑረው አይኑረው የሚነግረን ሰው ጠፋ። አያቴ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል። እጃችን ላይ የቀረው በቆዳ የተሰፋ የድሮ ክታብና ማኅተም ያለበት አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው። ባለፈው ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግሽን ሥሪ ተብላ መጣች። አራት ስም ጽፋ አለቀባት። በጣም አፈርኩ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ማፈር የለብሽም። አገር አቀፍ የልደትና የሞት ምዝገባ የጀመርነው በ2008 ዓ.ም. ነው። የቅድመ አያትሽ የልደት ወረቀት አልጠፋም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ሰውየው ግን የሆነ ቦታ ተጽፏል ወይም ሰው አፍ ላይ አለ። ያላገኛችሁት በአንድ ስም ብቻ ስለምትፈልጉት ይመስለኛል።

የዚያ ዘመን ሰው ብዙ ስም ነበረው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለ። በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የተሰጠው የክርስትና ስም አለ። ዘምቶ ከሆነ የፈረስ ስም አለው። ሲሾም ደግሞ ማዕረጉ ከፊት ይገባና የቀረውን ይሸፍነዋል። ዐፄ ምኒልክን ውሰጂ። ሲወለዱ ሣህለ ማርያም ናቸው፣ በፈረስ አባ ዳኘው፣ ሲነግሡ ምኒልክ። ካሳ ኃይሉ፣ አባ ታጠቅና ቴዎድሮስም አንድ ሰው ናቸው። ነገሥታቱን ሁሉም ስለሚያውቃቸው አንደናገርም። አንድን ባሻ ግን የጦር ጓደኛው በፈረስ ስሙ፣ ቄሱ በክርስትና ስሙ፣ የመሬት ጸሐፊው በዓለም ስሙና በአባቱ ስም ሲያነሡት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉናል።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ገጽ ወረቀት አምጪና አራቱን ቦታ ክፈቺ። እጅሽ ላይ ያለው ማዕረጉና የፈረስ ስሙ ነው። የፈረስ ስም ብቻውን አያደርስም፣ አንድ የፈረስ ስም ብዙ ሰው ሊጋራው ይችላል። ማዕረግም ከአባት ወደ ልጅ በወሬ ሲተላለፍ ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ባላምባራሱ ግራዝማች፣ ግራዝማቹ ፊታውራሪ ይሆናል። የእናንተው «ባሻ» ላይ መቆሙ ደስ አሰኝቶኛል። ማንም ያሳደገው አይመስልም።

አሁን ወደ ክታቡ። እባክሽ በጉልበት እንዳትከፍቺው። የደረቀ ብራና እንደ ቅጠል ይሰነጠቃል። ብራና የሚያውቅ ሰው ባለበት ይፈታ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄደሽ ጠይቂ፣ ወይም የምታምኚው ደብተራ ካለ እሱ ይምጣ። ሲተረተር በቀጭኑ የተጠቀለለ ረጅም ብራና ታገኛላችሁ። ጸሎቱን ማንበብ ባትችዪ አትጨነቂ። የምትፈልጊው ሁለት ቃል ነው፦ «ለገብርከ» ወይም «ለአመትከ»። ገብርከ ማለት አገልጋይህ ነው፣ ወንድ። አመትከ ደግሞ ሴት። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ስም፣ ወልደ ሚካኤል ይሁን ወለተ ማርያም፣ የባለቤቱ የክርስትና ስም ነው። ክታብ ያለ ስም ለማንም አይሠራም ይባል ስለነበር ስሙ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በየጸሎቱ መጨረሻ ይደጋገማል።

ስሙ ያለበትን ቦታ በደንብ እዪው። ቀለሙ ከሌላው የተለየ ከሆነ፣ ብራናው እዚያ ጋ የተፋቀና የሳሳ ከሆነ፣ የእጅ ጽሕፈቱም ካልተመሳሰለ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ጠፍቶ የሌላ ሰው ገብቶበታል ማለት ነው። ክታብ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንዲህ ያደርጉ ነበር። የፋቂው ምላጭ አንድ ቦታ ረስቶ ካለፈ አሮጌው ስም ይተርፋል። አስቢው፣ «ለአመትከ» የሚል ካገኘሽ ያ ሚስቱ ወይም እናቱ ልትሆን ትችላለች። እናቱ ማን ናት ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? ክታብ ሲጻፍ ደግሞ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል ይደረግ ነበር፣ ስለዚህ ካልተቆረጠ ዘርግታችሁ ለኩት። ለልጅሽ ከስሙም በላይ ያ ሊደንቃት ይችላል።

የክርስትና ስሙን ካገኘሽ ቤተ ክርስቲያን ይከፈትልሻል። ፍትሐቱም ተዝካሩም የተደረገው በዚያ ስም ነው። የተቀበረበትን ደብር ታውቂ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ካላወቅሽ፣ አያትሽ በየወሩ የማንን ዝክር ታወጣ እንደነበር አስታውሺ። ማኅበሯስ የየትኛው ታቦት ነበር? ከአገሩ የወጣ ሰው አገሩን ቢረሳ ታቦቱን አይረሳም። ብዙ ቤተሰብ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚዘክረው ቅዱስ ቅድመ አያቱ ተጠምቆ ያደገበት ደብር ታቦት ሆኖ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ጥያቄውን ስለመጠየቅ። አያትሽ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር። ግን እህቷ ወይም የአክስቷ ልጅ የለችም? ጎረቤትስ? እኔ የአባቴን አያት ስፈልግ የአባቴን አክስት ለሦስት ዓመት አሰልችቻታለሁ። በየበዓሉ እየሄድኩ «መቼ ተወለደ? መቼ ሞተ?» እላታለሁ፣ እሷም «እኔ ምን አውቄ፣ ልጅ ነበርኩ» ትለኛለች። አንድ ቀን ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት እየለቀምኩ፣ ስለ ዓመት ምንም ሳላነሣ፣ «ሲሞት አንቺ ምን እየሠራሽ ነበር?» አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ውሃ ቀድቼ ስመለስ በር ላይ ሰው ቆሟል» አለች። «ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ የገቡ ሰሞን ነው፣ እናቴ ገና ሐዘን ሳታወጣ ነው ጮቤ የሚረግጠው ሕዝብ በበራችን ያለፈው።» 1933 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ወሩን ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃታት። የክርስትና ስሙን፣ የጥርሱን ፍንጭት፣ አንዲት ከሌላ ሴት የወለዳትን ልጅ ሁሉ ነገረችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቅኳት በማታስብበት ቋንቋ ነበር።

ስለዚህ ዓመት አትጠይቂ፣ ነገር ጠይቂ። ክፉ ቀን ሳይመጣ ነው ወይስ ከመጣ ወዲህ? እሱ ከ1880 እስከ 1884 ነው። ዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888። ሰገሌ ጥቅምት 1909። የኅዳር በሽታ 1911። ከዚያ በትውልድ መዝኚው። በአንድ ትውልድ ሠላሳ ዓመት ገደማ ብትይዢ፣ አያትሽ በ1920ዎቹ ከተወለደች አባቷ ዐድዋ ላይ ጎረምሳ ሆኖ በስተርጅና ወልዷት ሊሆን ይችላል፣ ያስኬዳል። በ1940ዎቹ ከተወለደች ግን አንድ ሰው መሀል ላይ ጠፍቷል፣ የምታወሩት ስለ ቅድመ አያትሽ ሳይሆን ስለ አባቱ ነው። ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ሁለት ሰው በወሬ አንድ ይሆናል።

ክፉ ቀንን በተለይ አትዝለዪው። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ሰዉ እግሩ ወደመራው ተሰደደ። ብዙ የዘር ሐረግ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ሽማግሌዎች «ከዚያ በፊት ያለውን አናውቅም» ካሉሽ ደብቀውሽ አይደለም።

ዋናው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ የማን አሽከር ነበር? ጎጃሜ ሆኖ ገና በጠዋቱ አዲስ አበባ መገኘቱ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተዋግተው ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፣ ወደ ሸዋ ተወሰዱ። አብረዋቸው ከተያዙት ወይም ተከትለዋቸው ከመጡት አንዱ ቅድመ አያትሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የመጣው ሰፋሪ ሆኖ ሳይሆን ምርኮኛ ሆኖ ነው፣ ያንን ደግሞ ማንም ቤተሰብ ለልጆቹ አያወራም። ዐድዋም ቢሆን ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዘምተዋል። «ዐድዋ ዘምቷል» ስትሉ ከምኒልክ ጋር ነው ወይስ ከአባ ጠና (የተክለ ሃይማኖት የፈረስ ስም ነው) ጋር? በየትኛው ጌታ ሥር እንደነበረ ካወቅሽ የት እንደሰፈረ ታውቂያለሽ። አዲስ አበባ ላይ «ሰፈር» የምንለው ቃል የመጣው እኮ ከጦር ሰፈር ነው፣ ጌታው መሀል አሽከሮቹ ዙሪያውን። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እያልን እስካሁን በጌቶቹ ስም ነው የምንጠራው።

ወረቀቱን ስትከፍቺ መጀመሪያ ማኅተሙ ላይ ያለውን ማዕረግ አንብቢ። የምኒልክ ከሆነና «ንጉሥ» ብቻ ካለ ከጥቅምት 25 ቀን 1882 በፊት ነው፣ «ንጉሠ ነገሥት» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ። ከታች ደግሞ የተጻፈበት ከተማ ይኖራል። «እንጦጦ ከተማ ተጻፈ» ካለ የድሮ ነው፣ «አዲስ አበባ ከተማ ተጻፈ» ካለ ከዚያ ይቀርባል። በአዲስ አበባ የቦታ ይዞታ በሕግ የተደነገገው በ1900 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ወረቀቱ የቦታ ከሆነ ከዚያ ወዲህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የአዋሳኞቹን ስም ሳትገለብጪ እንዳታልፊ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ የሚለውን። የእናንተ ቤተሰብ ቢረሳ የአዋሳኙ ልጆች ያስታውሳሉ፣ የጠፋ ዘመድ በጎረቤት ዘር ሲገኝ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ብዙ ሰው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ «መሬቱ ሄዷል፣ ወረቀቱ ምን ያደርጋል» ብሎ እንዲህ ያለውን ወረቀት አቃጥሏል። እናንተ አለማቃጠላችሁ ትልቅ ነገር ነው።

መንደሩን ስታገኚ፣ እንደምታገኚው አምናለሁ፣ ጎጃም ሂጂ። በደብሩ የንግሥ ቀን ሂጂ፣ ያኔ ነው ሽማግሌው ሁሉ የሚሰበሰበው። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር ሰዉ ዘሩን እስከ አቅኚ አባቱ፣ መጀመሪያ መሬቱን እስከያዘው ሰው ድረስ፣ መቁጠር ነበረበት። ያልቆጠረ ዳኛ ፊት ይረታል። ከቅድመ አያት በላይ ቅማት፣ ሽማት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት እያሉ የሚያወርዱ አዛውንቶች ያንን የተማሩት ለጨዋታ አልነበረም። ሌላው ምክንያት ጋብቻ ነው፣ እስከ ሰባት ቤት መጣራት ነበረበት። አንዳንዴ ደግሞ የደብሩ ወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይና ኅዳጉ ላይ የርስት ሽያጭ፣ የስጦታና የክርክር ጽሑፍ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። ገንዘብ ሳይሆን አክብሮት ይዘሽ ሂጂ፣ መጽሐፉንም አንቺ አትንኪው፣ ካህኑ ይግለጡልሽ።

ካልፈቀዱ ወይም መጽሐፉ ከጠፋ አንድ ሌላ መንገድ አለ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የብዙ ገዳማትና አድባራት ብራና በማይክሮፊልም ተነሥቶ ነበር፣ ከ8,000 በላይ መጽሐፍ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ፣ አብዛኛውንም በኢንተርኔት በነፃ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። የደብሩን ስም ይዘሽ ፈልጊ።

ክታቡ ሲፈታ ስሙ ያለበትን መስመር ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ደብረ ታቦር ተወልጄ ያደግሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የ71 ዓመት ሰው ነኝ። አባቴ «እኛ የጋፋት ሠራተኞች ዘር ነን፣ አያቴ ለቴዎድሮስ መድፍ ካቀለጡት አንዱ ነው» ይለኝ ነበር። ፈረንጅ ይሁን ሐበሻ አልነገረኝም። እኔም ልጅ ሆኜ አልጠየቅሁም። ለማወቅ ይቻል ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ይቻላል፣ ግን ሁለቱ መንገዶች በጣም የተለያዩ ናቸው።

ፈረንጅ ከነበረ ነገሩ ይቀላል። የቴዎድሮስ መድፍ መሥሪያ በነበረው በጋፋት ከነበሩት ፈረንጆች ብዙዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። ከነሱ ሌላ ፈረንሣዊው ቡርጎና የፖላንዱ ሞሪትዝ ሆል አሉ። ሴባስቶፖል የተባለውን የቴዎድሮስ ትልቅ መድፍ የሠሩት እነዚህና ስማቸው ያልተጻፈ የአገራችን ሠራተኞች ናቸው፣ 7 ቶን የሚጠጋው መድፍ መቅደላ ድረስ ተጎትቶ ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። ሚሲዮናውያን ስለነበሩ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ሲጋቡ ይመዘገባል፣ ልጅ ሲወለድ ይመዘገባል።

የሆልን ቤተሰብ ይመልከቱ። ሚስቱ ካታሪና፣ በኢትዮጵያ ስሟ ወለተ ኢየሱስ፣ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ነበረች። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ቤተሰቡ ወደ ኢየሩሳሌም አገር ሄዶ ያፋ ላይ ተቀመጠ። በዚያው በመቅደላው ዘመቻ ዓመት የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ባሮን አገባች። የልጃቸው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን የተወለደው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፣ ሁለት ጊዜ ኦስካር ያገኘው። እስቲ ያስቡት፣ ያ ሰው የአያቱን እናት ሲቆጥር ወለተ ኢየሱስ ላይ ይደርሳል። ቫልድማየርም የቴዎድሮስ ወዳጅ የነበረውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አግብቶ በኋላ ሊባኖስ ገባ፣ ብሩማና ላይ እ.ኤ.አ. በ1873 ትምህርት ቤት ከፈተ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችው ሱዛንም አብራው ነበረች። እነዚህን ቤተሰቦች መከተል የቻልነው ወረቀት ስለተከተላቸው ነው።

እኔ ግን የእርስዎ ሰው ሐበሻ ይመስለኛል። ምክንያቴም የአባትዎ ዝምታ ነው። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ «አያቴ ፈረንጅ ነበር» ብለው በኩራት ይነግሩዎት ነበር። ብረት ያቀለጠ ሐበሻ ግን በዚያ ዘመን ቀጥቃጭ ተብሎ ይሰደብ ነበር፣ ቡዳ ይባል ነበር፣ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም ነበር። ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የብልሃተኛ አባቱን ሙያ ደብቆ «ወታደር ነበር» ወይም «ገበሬ ነበር» እያለ ልጆቹን አሳደገ። አባትዎ ግማሹን ነግረውዎት ግማሹን ያስቀሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እኔ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ አገር የሚኮራበትን መድፍ የሠራ እጅ ለልጅ ልጆቹ ማፈሪያ ሆኖ መቅረቱ።

እንግዲህ ፍለጋው ሙያውን መከተል ነው። ከዘመድዎ ውስጥ አንጥረኛ፣ ጠራቢ፣ ቆዳ ሠሪ፣ ጠመንጃ ጠጋኝ የነበረ አለ? ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚወርደው። ከመቅደላ በኋላ እጁ የሚሠራ ሰው ሌላ ጌታ ፈልጎ ሄዷል፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ፒያሳ አጠገብ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። ከቤተሰብዎ ወደዚያ የሄደ ክንፍ ካለ እዚያ ካሉ አዛውንቶች ጋር ይነጋገሩ። ጋፋት ከእርስዎ ከተማ ቅርብ ነው፣ እግርዎ ከቻለ አንድ ቀን ይሂዱና በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ያጫውቱ። ከሁሉ በፊት ግን የሚያስታውሱትን ሁሉ ለልጆችዎ በስልክ ድምፅ ያስቀዱ። አሁን የቤቱ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ሰላም! ጀርመን ነው ተወልጄ ያደግኩት። የዲኤንኤ ምርመራ ባደርግ በ1800ዎቹ የነበሩ ዘመዶቼን አገኛለሁ? ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ ቤተሰቦቹን በጠባሳ አገኘ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምርልህ፣ ስለምወደው። አዎ፣ እውነት ነው። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ሲወድቅ ወርቅነህ እሸቴ ሦስት ዓመት ገደማ ነበረው። ቤተሰቡን አጣ። ቻርልስ ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ወደ ህንድ ወሰደው፣ እሱ ሲሞት ሌላ ኮሎኔል ማርቲን ተረከበው፣ ልጁም የሁለቱን ስም ይዞ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1882 ላሆር ላይ በሕክምና ተመረቀ፣ ስኮትላንድም ተማረ፣ በርማ ሠራ። በዘመናዊ ሕክምና የተመረቀ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ አበባ ሲመጣ አያቱ ሰምተው መጡ፣ እጁና እግሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው ለዩት። ስሙን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎ፣ ጎልማሳ ሐኪም ሆኖ፣ ሱፍ ለብሶ የመጣ ሰው ፊት ቆመው አንዲት አሮጊት የሕፃን ጠባሳ የት የት እንዳለ ያውቁ ነበር።

ስለ ዲኤንኤ፣ ብታደርግ አይጎዳህም፣ ግን የሚሰጥህን እወቅ። ከአንድ ቅድመ አያት በአማካይ የምትወርሰው 12.5 በመቶ ነው። ቅድመ አያት የምትጋራው ሰው ከመረመረ ያለ ጥርጥር ይታይሃል ማለት ይቻላል። አንድ ትውልድ ወደ ላይ ስትሄድ ግን ከአሥሩ ዘመድ አንዱ ጭራሽ ላይታይህ ይችላል። ትልቁ ችግር ሌላ ነው፣ ከእኛ አገር የተመረመረው ሰው ጥቂት ነው፣ ከተመረመረውም አብዛኛው እንዳንተ ውጭ አገር ያለ ነው። እና ምርመራው ዘመድ ያሳይሃል እንጂ ስም አይነግርህም።

ከመመርመርህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። የእኛ ሰው ውጭ ሲሄድ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ይሆንበታል። የአባትህ ወንድም ልጆች በወረቀት ላይ ካንተ ሌላ ስም ይዘው ሊሆን ይችላል፣ ያውም አንዱን ስም ጀርመን የገባው በአንድ ፊደል፣ አሜሪካ የገባው በሌላ ፊደል ጽፎት። አባትህን ወይም እናትህን አስቀምጥና የሁሉንም ስም ከነአባቱ ከነአያቱ በአማርኛ ፊደል አስጽፍ፣ የክርስትና ስም ካለም ከጎኑ። ውጤቱ መጥቶ የማታውቀው ሰው በስክሪኑ ላይ «ሦስተኛ ቤት ዘመድህ ነኝ» ሲልህ የምትልክለት እሱን ወረቀት ነው።